የኦርጋን ተጫዋቹ የአቶ ኃይሉ መርጊያ ሕይወትና ሥራ፤ ከቆቦ ሜዳ ሲታይ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ በኩል ወልድያ የደረሰ መንገደኛ ጉዞውን ወደ ሰሜን ሲቀጥል፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ ይታያሉ፤ በመካከላቸው የማሽላና የጤፍ እርሻ ተዘርግቷል። ይህ የራያ ቆላ ነው፤ ከተማውም ቆቦ ይባላል።

ስለዚህ አገር በመጽሐፍ የተጻፈውን የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው የመከራ ታሪክ ነው። በ1936 የማይጨው ጦርነትና የእርሱ መዘዝ፤ በ1943 የራያና የአዘቦ ሰዎች የተካፈሉበት የወያኔ ዐመፅ፤ በ1984 ከአላማጣ በላይ በምትገኘው በኮረም የተሰበሰበው የተራበ ሕዝብ፤ በ2021 እስከ ቆቦ የደረሰው ጦርነት። ሜዳው በሰነድ የሚታየው ደም ሲፈስበት ወይም ዝናብ ሲቀርበት ነው ለማለት ይቻላል። በእነዚህ ዘመናት መካከል ሰዉ ማረሱን፣ መዳሩን፣ መዝፈኑን አላቋረጠም፤ ነገር ግን ይህን የሚመሰክር ወረቀት ጥቂት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በቆቦ መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ ይጠብቅ ነበር። ሾፌሩ ቃል የሌለው የኦርጋን ዜማ ከፍቶ ነበርና፣ አዘጋጁ የማን እንደ ሆነ ጠየቀው። «የማን እንደ ሆነ እንጃ ጋሼ፤ የድሮ ነው» ሲል መለሰ። አዘጋጁ ግን ያንኑ ዜማ ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር፤ ያወቀውም በአገሩ ሳይሆን ለትምህርት በሄደበት በባሕር ማዶ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። በዚያ የተጫዋቹ ስም፣ የተቀረጸበት ዓመትና የባልደረቦቹ ስም ሁሉ በሸክላው ልባስ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ በውጭ አገር ስሙ ይታወቃል፤ ዜማው የተወለደበት ስሜት ግን አይታወቅም። በቆቦ መናኸሪያ ደግሞ ስሜቱ ይታወቃል፤ ስሙ ግን ጠፍቷል።

የዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው። የምትናገረውም ስለ ኦርጋን ተጫዋቹ ስለ አቶ ኃይሉ መርጊያ ሕይወትና ሥራ ነው። ከዚህም ጋር የታሪክ ተመራማሪ ሰነድ በማይናገርበት ዘመን የሰውን ሕይወት እንዴት ሊመዝን ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ ታነሣለች። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

፩. ስለ መሣሪያው

ኦርጋን በኤውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ነበረ። ድምፁን የሚሰጠው በቧንቧ ውስጥ የሚነፍስ አየር ስለ ሆነ፣ ትልቅ ሕንፃና ብዙ ገንዘብ ይፈልግ ነበር። በ1935 ሎረንስ ሃሞንድ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኦርጋን ከቺካጎ ለገበያ አቀረበ። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ጥርስ ያላቸው 91 ትንንሽ የብረት መንኰራኵሮች በሞተር ኃይል ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ መንኰራኵር በማግኔት አጠገብ ሲያልፍ የራሱን የኤሌክትሪክ ንዝረት ይፈጥራል፤ ንዝረቱም በድምፅ ማጉያ በኩል ዜማ ይሆናል። ዋጋው ከቧንቧው ኦርጋን እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ፣ የቧንቧውን ለመግዛት ዐቅም የሌላቸው አብያተ ክርስቲያናት ገዙት፤ ከእነዚህም ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ጉባኤያት ብዙ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ከጸሎት ቤት ወጥቶ ወደ ምሽት ክበብ ገባ። በ1956 የፔንሲልቬንያው ተወላጅ ጂሚ ስሚዝ ለብሉ ኖት ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በቀረጸ ጊዜ፣ ኦርጋን በጃዝ ሙዚቃ ውስጥ ዋና ሥፍራ ሊይዝ እንደሚችል ታወቀ። አንድ ተጫዋች በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራ እጁና በእግሩ የታችኛውን ወፍራም ድምፅ እየተጫወተ፣ ከጊታርና ከከበሮ ጋር ብቻ አንድ ሙሉ ጓድ ያህል ይሰማል። ከዚህ የተነሣው የሙዚቃ ዐይነት ሶል ጃዝ ተባለ። ሶል ማለት ነፍስ ማለት ነው፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ከመዝሙርና ከስብከት የወረሰው ምላሽና ጥሪ፣ ሙቀትና ድግግሞሽ አለበትና።

በኢትዮጵያ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ማሕሌት በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚፈጸም ነው፤ በገናም ቢሆን ከቅዳሴ ውጭ የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ ነው። ስለዚህ ኦርጋን በቅድስቱ በኩል ሊገባ አልቻለም። የኤውሮፓ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አገራችን በስፋት የገባው በጦር ሰፈር በር ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም፣ የዚህ ትምህርት መሠረት ሆኑ። ከዚያም በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ተቋቋሙ፤ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ከሰፈሩ ቀጥሎ መሣሪያው ያረፈው በሆቴልና በምሽት ክበብ ነው።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው። የአሜሪካው ኦርጋን ተጫዋች ነፍሱን ከጸሎት ቤት ያመጣ ከሆነ፣ የእኛው ተጫዋች ነፍሱን ከወዴት አመጣ? የአቶ ኃይሉ ሕይወት መልሱን ይሰጠናል።

፪. ትውልድና ትምህርት

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በሸዋ ደብረ ብርሃን ተወለዱ። ዐሥር ዓመት ሲሞላቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በልጅነታቸው የሰሙት የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ዘፈን ነበረ፤ በኋላ ዘመን በሥራዎቻቸው ውስጥ የሚመላለሰውም ይኸው ነው። በ14 ዓመታቸው ወደ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ገቡ፤ በዚያም ዜማን በኖታ ማንበብና መጻፍ ተማሩ። አኮርዲዮንንም በራሳቸው ጥረት ተለማመዱ። ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላ በየክበቡና በየክፍለ ሀገሩ እየተዘዋወሩ ይጫወቱና ይዘፍኑ ነበር።

የመጀመሪያ መሣሪያቸው አኮርዲዮን መሆኑ ልናልፈው የሚገባ ነገር አይደለም። አኮርዲዮን የኦርጋን ዘመድ ነው፤ የፒያኖ ዐይነት መርገጫ አለው፤ ድምፁን ግን የሚሰጠው በክንድ ኃይል የሚከፈትና የሚዘጋ ወናፍ ነው። የወናፉ መሳብና መግፋት እንደ ሰው እስትንፋስ ነውና፣ ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ ሊያስረዝም፣ ሊያጐላ፣ ሊያደክም ይችላል። በፒያኖ አንድ ጊዜ የተመታ ድምፅ እየሞተ ይሄዳል፤ በአኮርዲዮን ግን ድምፁ ወናፉ እስካለ ድረስ ይኖራል። የማሲንቆ ጭራም እንዲሁ ነው፤ ደጋኑ ሳይነሣ ድምፁ አይቋረጥም። በዚህ ምክንያት አኮርዲዮን በኢትዮጵያ ጆሮ ዘንድ እንግዳ ሆኖ ብዙ አልቆየም።

ሆኖም አንድ ችግር አለ። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ እንደ ፈቃዱ ያንቀሳቅሳል፤ በሁለት ድምፆች መካከል ተንሸራትቶ የልቡን ስሜት ይነግራል። ኦርጋንና አኮርዲዮን ግን እያንዳንዱን ስምንትዮሽ በ12 የተወሰኑ ክፍሎች የከፈሉ ናቸው፤ በመካከላቸው መንሸራተት አይቻልም። የአገራችን ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ በ5 ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ቅኝት የሚጫወት የኦርጋን ተጫዋች ከ12ቱ 7ቱን ዝም ማሰኘት አለበት፤ በቀሩት 5ቱ ደግሞ የጐደለውን መንሸራተት በሌላ ዘዴ መተካት አለበት።

አቶ ኃይሉ የተኩበት ዘዴ በሸክላቸው ላይ በግልጽ ይሰማል። አንዱን ድምፅ ይዘው ያቆዩታል፤ ከጎኑ ያለውን ድምፅ ፈጥነው ነክተው ይመለሳሉ፤ የሐረጉን መጨረሻ እንደ አዝማሪ ያንቀጠቅጡታል፤ ከዚያም ዝም ብለው ከበሮውና ባሱ እንዲናገሩ ቦታ ይለቃሉ። ይህ የማሲንቆና የእረኛ ዋሽንት ጠባይ ነው። እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ይኸው ነው፤ የእኛው ኦርጋን ነፍሱን ያገኘው ከእረኛው፣ ከአዝማሪውና ከሠርግ ቤት ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ መሆናቸውን ስናስታውስ ደግሞ፣ የቆቦው ሾፌር ያን የከተማ ኦርጋን እንደ ራሱ ገንዘብ መስማቱ አያስገርምም። ወደ ወልድያ የሚመጣ መኪና ሁሉ የአምባሰልን ተራራ በጎኑ አድርጎ ያልፋልና።

፫. ዋልያስ ባንድና የሂልተን ሌሊቶች

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቬነስ ክበብ ይጫወቱ ከነበሩ ሙዚቀኞች ዋልያስ ባንድ ተመሠረተ። ስሙ የተወሰደው በሰሜን ተራሮች ብቻ ከሚገኘው ከዋልያ ነው። በጓዱ ውስጥ ከአቶ ኃይሉ ጋር የሳክስፎን ተጫዋቹ ሞገስ ሀብቴ፣ የባስ ጊታር ተጫዋቹ መላከ ገብሬ፣ የትራምፔት ተጫዋቹ ዮሐንስ ተኮላ፣ የከበሮ መቺው ተማረ ሐረጉ፣ እንዲሁም ፒያኖ ተጫዋቹና ዜማ ደራሲው ግርማ በየነ ይገኙበት ነበር። እንደ ኪንግ ከርቲስና ጁኒየር ዎከር ያሉ የአሜሪካ ሳክስፎን ተጫዋቾችን ሸክላ በጥሞና ይሰሙ ነበርና፣ የዚያ ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ምት በሥራቸው ውስጥ ይታያል።

ለታሪክ ተመራማሪ ከሁሉ ይልቅ ሊታይ የሚገባው የጓዱ አቋም ነው። በዚያ ዘመን እንደ ልማዱ መሣሪያው የክበቡ ወይም የሆቴሉ ባለቤት ንብረት ነበረ፤ ሙዚቀኛውም ከመሣሪያው ጋር ታስሮ ይኖራል፤ ባለቤቱ ቢያሰናብተው ባዶ እጁን ይወጣል። ከዚያ ቀደም ብሎም መሣሪያው የመንግሥት ነበረ፤ ሙዚቀኛውም ወታደር ነበረ። የዋልያስ ባንድ አባሎች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በሙዚቀኛው ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ታላቅ ነው። መሣሪያው የራሱ የሆነ ሰው ውል ይዋዋላል፤ ዋጋውን ይናገራል፤ የሚጫወተውንም ይመርጣል። በሬው የራሱ የሆነ ገበሬና በሰው በሬ የሚያርስ ገበሬ እኩል እንዳልሆኑ የራያ ሰው ያውቀዋል።

ጓዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዐሥር ዓመት ያህል ተጫወተ። ሆቴሉ በ1969 የተከፈተ ሲሆን፣ የውጭ አገር ዲፕሎማቶችና እንግዶች የሚሰበሰቡበት ነበረ። ሙዚቀኞቹ ለእንግዶቹ የውጭውን ዘፈን፣ ለአገሬው የአገሩን ይጫወታሉ፤ ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ስለ ተቀመጡ ቀስ በቀስ ሁለቱን የሚያገናኝ ስልት ፈጠሩ።

በ1974 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ። የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በመንገድ ላይ መገኘት ሞት ሊያስከትል ይችላል። በዚህም ምክንያት ወደ ሂልተን የመጣ ሰው ከሌሊቱ በፊት ካልወጣ እስኪነጋ ድረስ በዚያው መቆየት ግድ ሆነበት፤ ሙዚቀኞቹም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። በ1977 እና በ1978 ቀይ ሽብር የብዙ ወጣቶችን ሕይወት ሲያጠፋ፣ በአንዱ አዳራሽ ውስጥ ኦርጋኑ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማ ነበር።

ይህን ያነበበ ሰው፣ እነዚያ ሙዚቀኞች ሕዝብ ሲያለቅስ የዘፈኑ ናቸው ብሎ ሊፈርድ ይችል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ግን ፍርዱ የችኰላ ይመስለዋል። በሩ ውጭ በተዘጋበት ሌሊት የሚጫወት ሰውም እንደ አድማጩ ያው እስረኛ ነው። ቃል ያለው ዘፈን በሳንሱር እጅ ያልፋል፤ ቃል የሌለው ዜማ ግን ለመመርመር አይመችም። ትዝታ በኦርጋን ሲሰማ፣ እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ሟች በልቡ ሊያነሣ ይችል ነበር፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም።

፬. ሸክላና ካሴት

በኢትዮጵያ የተቀረጸው ሙዚቃ በአብዛኛው ዘፋኙን ያስቀድማል፤ አጃቢው ስሙ አይነሣም። ስለዚህ ያለ ዘፋኝ የሚሠራ ሙዚቃ አሳትሞ መሸጥ ድፍረት ነበረ። በ1975 አቶ ኃይሉና ዋልያስ ባንድ «ትዝታ» የተባለውን ካሴት አወጡ። በ1977 ደግሞ በካይፋ ሸክላ ድርጅት «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ታተመ፤ በዚህም ላይ በለንደንና በቦስተን ተምረው የተመለሱት ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውተዋል። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዜማ የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው፤ ይኸው ዜማ ከዓመታት በኋላ በአሜሪካና በሌላም አገር ያሉ ጓዶች እየደጋገሙ የተጫወቱት፣ ከኢትዮጵያ ሥራዎች ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆነ።

በ1978 አቶ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር በግዮን ሆቴል «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ካሴት ቀረጹ። ስሙ ራሱ የመንገድ ስም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካሴት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሸክላ ለመስማት የኤሌክትሪክ ኃይልና ውድ ማጫወቻ ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ የከተማ ነገር ነበረ። ካሴት ግን በባትሪ ድንጋይ ይጫወታል፤ በኪስ ይያዛል፤ በርካሽ ይባዛል። በጭነት መኪና፣ በአውቶቡስና በጠጅ ቤት በኩል ካሴት የዘለቀበት ቦታ ሁሉ የአዲስ አበባው ኦርጋን ዘለቀ። የቆቦ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ስለ ሆነች፣ ይህ ሁሉ በደጇ ያልፋል። ይሁንና ካሴት ሲባዛ ልባሱ አብሮት አይባዛም። ዜማው ይሄዳል፤ ስሙ በመንገድ ይቀራል። የቆቦው ሾፌር «የድሮ ነው» ብቻ ሊለን የቻለው ስለዚህ ነው። ስሙን ያጠፋው የእርሱ ቸልታ ሳይሆን ዜማውን እርሱ ዘንድ ያደረሰው ያው ዕቃ ነው።

፭. ስደትና ዝምታ

በ1981 ዋልያስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ በዚያም አገር የተዘዋወረ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ጓድ ነበረ። አድማጮቹ አብዛኛዎቹ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያልቅ ጓዱ ለሁለት ተከፈለ፤ እኩሌቶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አቶ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ በዚያው ቀሩ። በዋሽንግተንም ዙላ ባንድ በሚል ስም ይጫወቱ ነበር። አቶ ኃይሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ።

በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ብቻቸውን ቀረጹ። በዚህ ሥራ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና በዚያ ጊዜ አዲስ የነበረውን የያማሃ ሲንተሳይዘር፣ እንዲሁም በራሱ የሚመታ የከበሮ መኪና አጣምረው ተጫወቱ። ጓድ የሌለው ሰው ጓዱን ሁሉ በራሱ እጅ ሠራው፤ በልጅነቱ የለመደውን መሣሪያ በቅርብ ከተፈለሰፈው ጋር አንድ ላይ አቀናው። በስደት ላይ ያለ ሰው ቤቱን እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ዓመት በራያ ቆላ ምን ዓመት እንደ ነበረ የዚህ አገር ሰው ይጠየቅ። ሕዝቡ «ሰባ ሰባት» ብሎ የሚጠራው የረሃብ ዘመን ነው። የዓለም ጋዜጠኞች ወደ ኮረም ወጥተው የሕፃናቱን ሞት ፎቶግራፍ ያነሡበት፣ ብዙ ቤተሰብም ተነቅሎ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር የሰፈረበት ጊዜ ነው። በዋሽንግተን የተቀረጸው ካሴትና በቆቦ የተነቀለው ጎጆ በአንድ ዓመት መሆናቸው በራሱ ምክንያትና ውጤት አያደርጋቸውም። ነገር ግን ሁለቱም የአንድ አገር መበተን ምዕራፎች ናቸው፤ አንዱ በዓለም ሁሉ ታየ፤ ሌላው ሳይታይ ቀረ።

ዙላ ባንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተበተነ። ከዚያ በኋላ አቶ ኃይሉ በአደባባይ መጫወትን ተዉ። ኑሯቸውን የሚመሩት ታክሲ እየነዱ ነበረ፤ መንገደኛ የሚጠብቁትም በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው የደለስ አየር ማረፊያ ነበረ። ለብዙ ዓመታትም ስማቸው በሰፊው አልተነሣም።

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሓፊ የሚፈተንበት ቦታ ነው። በሰነድ ብቻ የሚመራ ሰው፣ የእኒህ ሙዚቀኛ የጥበብ ሕይወት በዚያ ዘመን አልቆ ነበር ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። አቶ ኃይሉ በመኪናቸው ዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ይይዙ ነበር፤ ተራቸው እስኪደርስ ከኋላው ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱ፣ የመጣላቸውንም ዜማ ይይዙ ነበር። አድማጭ አልነበረም፤ ቀረጻ አልነበረም፤ ሙዚቃው ግን ነበረ። የሰነድ ዝምታ የሰው ዝምታ አይደለም።

፮. መመለስ

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለው አሜሪካዊ፣ የአፍሪካን ካሴቶች የሚሰበስብ ሰው፣ በባሕር ዳር ከተማ «ሸሞንሟናዬ»ን አግኝቶ ገዛ። ባለቤቱንም ፈልጎ በስልክ አገኛቸው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ በ2014 «ቼ በለው»፣ በ2016 «ወደ ሐረር ጉዞ»፣ በ2021 «ትዝታ» ተከተሉ። ከዚህ አስቀድሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮጲክ» በተባለው ተከታታይ ሥራው የዚያን ዘመን ሸክላዎች ለዓለም ማስተዋወቁ መንገዱን አዘጋጅቶ ነበር።

አቶ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሰው በኤውሮፓና በአሜሪካ ተጫወቱ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ ሥራዎችን አወጡ፤ በ2016 በብሩክሊን በመድረክ የተጫወቱትም በ2023 ታተመ። ከ70 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ ሥራ ማውጣታቸው፣ በመኪናው ውስጥ የነበረው ልምምድ ከንቱ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ነገር ግን ይህን የመመለስ ታሪክ ደስ ብሎን ብቻ ልንዘጋው አይገባም። ካሴቱን ያቈየው ማን ነው? ቤተ መዘክር አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲም አይደለም፤ የባሕር ዳር አንድ ካሴት ሻጭ ነው። ዋጋውን ያወቀለትስ? ከውጭ የመጣ ሰው ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ የምናስተምር ሰዎች በዚያ መደብር ደጅ ስንት ጊዜ አልፈን ይሆን? አዘጋጁ ይህን ሲል ራሱን ከወቀሳው አያወጣም፤ የአቶ ኃይሉን ስም ለማወቅ ባሕር መሻገር አስፈልጎታልና።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ ካየነው ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ኦርጋን ከቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ከጦር ሰፈርና ከሆቴል የመጣ ቢሆንም፣ ነፍሱን ያገኘው ከአራቱ ቅኝቶችና ከማሲንቆ ጠባይ ነው፤ ስለዚህ «ዘመናዊ» የተባለውን ሙዚቃ ከ«ባህላዊው» ነጥሎ ማጥናት አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ የጥበብ ነጻነት በመሣሪያ ባለቤትነት ይጀምራል፤ የዋልያስ ባንድ ታሪክ ይህን ያሳያል። ሦስተኛ፣ ሰነድ ባይናገርም ሕይወት ይቀጥላል፤ ተመራማሪውም በሰነዱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ባዶ ነው ብሎ ከማለፉ በፊት ሊጠይቅበት ይገባዋል።

ይህ ሦስተኛው ነገር ወደ ራያ ቆላ ይመልሰናል። በ1943 እና በ1984፣ በ1984 እና በ2021 መካከል ያለው የቆቦ ዘመን በመጽሐፋችን ላይ እንደ አቶ ኃይሉ የታክሲ ዘመን ነው፤ ባዶ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በየሠርጉ የዘፈኑ፣ በየማሽላው ማማ ላይ ወፍ እየጠበቁ ያንጐራጐሩ፣ በየመጠጥ ቤቱ ኪቦርድ የተጫወቱ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ በካሴት ተቀርጸው ይሆናል፤ በ2021 እና በ2022 ጦርነት ከብዙ ቤት ንብረት ጋር ከዚህ ምን ያህሉ እንደ ጠፋ የሚናገር መዝገብ የለንም። የቀረው እየቀነሰ ይሄዳል፤ የካሴት ክር ያረጃልና፣ የሚያስታውሱትም ያረጃሉ።

ስለዚህ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ፣ ከወልድያ እስከ አላማጣ ባለው መንገድ ላይ ያሉትን የካሴት ሻጮችና አሮጌ ሾፌሮች ይጠይቁ። የሚጠይቁት ከባድ ነገር አይደለም፤ ዜማው የማን ነው? ማን አብሮ ተጫወተ? በየት፣ በስንት ዓመት? መልሱንም በወረቀት ያስፍሩ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ባለፈው ዓመት በቆቦ ሲያልፍ ያን ሾፌር ፈልጎ አላገኘውም፤ በቦታው የነበረው ሌላ ወጣት ግን ያንኑ ዜማ ከስልኩ ከፍቶ ነበር። አዘጋጁ በዚህ ጊዜ አልጠየቀም፤ «ይህ የኃይሉ መርጊያ ነው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ናቸው» ብሎ ነገረው። ወጣቱም ስልኩን አውጥቶ ስሙን ጻፈው።